የለኪው የመጨረሻ ሪፖርት

ሟቹ የተገኘው በሩ አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ኮቱ በሥርዓት ተጣጥፎ ከራሱ ሥር ገብቷል። ዘወትር እስከ አንገቱ ይቆለፍ የነበረው ሸሚዙ ግን ደረቱ ላይ ተከፍቷል፤ ሁለት ቁልፎቹ ተበጥሰው ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ፊቱ እንደ ሬሳ አልገረጣም፤ ጉንጩ ቀላ ብሎ፣ ሥራ ደክሞት ጋደም ያለ ጤነኛ ሰው ይመስላል።

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየችው። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው ይላሉ፤ አንድ ጊዜ የተወጉት ግን ሌላ ምክንያት ያውቃሉ። ዕድሜዋ ሃምሳን ዘሏል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ከከተማ እዚህ ድረስ ያንገላታት መንገድም የቀረቻትን ጥቂት ትዕግሥት ጨርሶባታል።

«ማን አገኘው?» አለች።

«ቴክኒሻኑ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ» አለ የመንደሩ ሳጅን። «የጄኔሬተር ጭስ ነው ኢንስፔክተር። አደጋ ነው። ሬሳውን ለማንሣት የእርስዎን ቃል ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

«ኮቱንም አደጋው ነው አጣጥፎ ያንተራሰው?»

ሳጅኑ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። መልስ ሲያጣ እንዲህ ያደርጋል።

ክፍሏ በሞባይል ማማው ሥር ያለች የመሣሪያ ክፍል ናት፤ አንድ በር፣ ከኋላ ግድግዳዋ ላይ ደግሞ የሰው ጭንቅላት የምታህል አንድ የአየር ቀዳዳ። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተዘጋ ታብሌት፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ተቀርጾ የሾለ እርሳስና ሰውየው ከቤቱ ይዞት የመጣ ስኒ አለ። በሰው ስኒ አይጠጣም ነበር አሉ።

መንደሩ «ለኪው» ይለው ነበር። ባለፈው ዓመት የፈጣን ኢንተርኔት ተደራሽነት አዋጅ ሲወጣ መሥመር ያልደረሰባቸው መንደሮች በዝርዝር ተያዙ፤ ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት ግን አንድ የመንግሥት ሰው ቤት ለቤት ዞሮ «በእርግጥ የላቸውም» ብሎ መመስከር ነበረበት። የዚህ መንደር መስካሪ ለኪው ነበር። ሪፖርቱ ዛሬ እኩለ ቀን፣ ልክ በስድስት ሰዓት መድረስ ነበረበት። ስድስት ዓመት ሙሉ «ይመጣላችኋል» ሲባል «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ የኖረ መንደር፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓት እየቆጠረ ነበር የዋለው።

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ገለጠች። ስልሳ አራት ቤቶች፣ የእያንዳንዱ ቤት ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ ምሰሶ። «ቤት 22፦ ቆርቆሮ፤ አሮጌ የቴሌቪዥን አንቴና፣ ሽቦው የተቆረጠ። ቤት 23፦ ቆርቆሮ፤ ሦስት ጎማ፣ አንዱ የተቀደደ። የጤና ጣቢያው የሠራተኛ ቤት፦ የውሃ ታንከር። ቤት 25፦ ቆርቆሮ፤ የሞተ ቁራ።»

«ሚስማር ሳይቀር ይቆጥር ነበር» አለ ሳጅኑ። «የሞተ ቁራ ለኢንተርኔት ምን ይጠቅማል?»

«ምንም። ያየውን የማይተው ሰው ነበር ማለት ነው» አለችና ደብተሩን ኪሷ ከተተችው።

ቴክኒሻኑ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን በጉልበቱ መሃል ደብቋል። 

«መብራት ጠዋት ጠፋ። ሁለት ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩን አስነሣሁለትና ናፍጣ ላመጣ ወደ መገንጠያው ወረድኩ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ትሙት፣ አልነካሁትም!»

«ኮቱንስ?»

«አልነካሁም አልኩ እኮ! መሞቱን ሳይ ወጥቼ ጮህኩ።»

«በሩ?»

«ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። እሱ ነው የገረመኝ፤ ሰውየው ብርድ ስለማይወድ ሁሌ ይዘጋዋል።»

«የጭስ ማውጫው ቱቦስ?»

«ቦታው ላይ፣ ወደ ገደሉ ዞሮ። ባይሆን ኖሮ እኔን አልነበር የምትሰቅሉኝ?»

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን እየረገመች ወደ መሣሪያ ክፍሉ ጀርባ ዞረች። ቱቦው ብረት ነው፤ መገጣጠሚያው ላይ ይዞራል፤ ግን በሁለት እጅና በሙሉ አቅም እንጂ በነፋስ የሚዞር አይደለም። ጣቷን የአየር ቀዳዳው ከንፈር ላይ አሳረፈች። ጥቁር፣ ትኩስ ጥላሸት ይዞላት መጣ።

«ሳጅን፣ ይህ ቱቦ ዛሬ ወደዚህ ቀዳዳ ዞሮ ነበር። ከዚያ ተመልሷል። አደጋ አንዴ ያዞራል እንበል፤ መልሶ ቦታው አያደርግም።»

ሳጅኑ ኮፍያውን አወለቀ።

የመንደሩ ሊቀመንበር ከሰባ የማያንሱ ሽማግሌ ናቸው። አዋጁን በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ ደጋግመው ከማንበባቸው ብዛት ማጠፊያው ተበልቷል። ቢሯቸው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ግድግዳ ሙሉ የአቤቱታ ግልባጭ አለ።

«አንቀጽ አሥራ አራትን ይስሙልኝ» አሉና በቃላቸው ወጡት። «‹በአንድ መንደር ውስጥ አንድ ቤት እንኳ ፈጣን ኢንተርኔት ካለው፣ መንደሩ እንደተዳረሰ ይቆጠራል፤ ለአሥር ዓመትም በዝርዝሩ አይካተትም።› አንድ ሰው ጫማ ካለው አገሩ ሁሉ ተጫምቷል እንደማለት ነው። ይህን የጻፈ ሰው ባዶ እግሩን ሄዶ አያውቅም።»

«ከለኪው ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ፣ አልክድም። ሦስት ቀን በዚያ ረጅም ዘንግ ግድግዳውንም ምሰሶውንም ታንከሩንም ሲያንኳኳ ሰነበተ፤ ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም። ምን ጻፍክ ብለው ‹ሪፖርት ከመላኩ በፊት ለማንም አይነገርም› ይለኛል። ሰው እንዴት አንዲት ማጽናኛ ቃል ይነፍጋል? አፉን ሰፍተው ነው የላኩብን።»

«ሲዞር ማን አብሮት ነበር?»

«እኔና ርዕሰ መምህሩ። ስድስት ዓመት አቤቱታውን የጻፈው እሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ሌላ ዓለም የለውም።» ሽማግሌው ድምፃቸውን ቀነሱ። «በወሊድ ነው የሞተችው፤ ማማው ገና አልቆመም ነበር። አዋላጇ ለሐኪም ልትደውል ኔትወርክ ፍለጋ ከኮረብታ ኮረብታ ስትሮጥ፣ ሴትየዋ ደሟ ፈስሶ አለቀ። ልጅቷ ተርፋለች፤ ሁለት ዓመቷ ነው።»

«ዛሬ ከረፋድ ጀምሮ የት ነበሩ?»

«እዚሁ የድንበር ክርክር ስሰማ ነበርኩ። በአምስት ሰዓት ብቻዬን ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምስክር የለኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ ምስክር ይዤ መሄድ አለብኝ እንዴ? ይልቅ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ሪፖርቱ ደርሷል?»

ቴክኒሻኑም ይህንኑ ጠይቋት ነበር። ሰው ሞቶ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ወረቀት መሆኑ ኢንስፔክተሯን አስቆጣት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያሉትን ግልባጮች አየችና ቁጣዋን ዋጠችው።

አዋላጇን ያገኘቻት ከጤና ጣቢያው በታች ባለው አቀበት ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቢጫ ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ ትወጣለች፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ቀሚሷን ይዛ ትከተላታለች። የርዕሰ መምህሩ ልጅ ናት፤ ቀን ቀን እሷ ዘንድ ነው የምትውለው። አዋላጇ ከሠራተኛ ቤቷ ፊት ጄሪካኑን አውርዳ ወገቧን ያዘች። ከጣሪያዋ በላይ ጥቁር የፕላስቲክ ታንከር ቆሟል።

«ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ታችኛው ሰፈር ክትባት ላይ ነበርኩ፣ እትዬ። የመንደሩ እናት ሁሉ ምስክሬ ነው። ስመለስ ነው ሬሳውን እንዳይ የጠሩኝ። ጭስ ነው የገደለው፤ ከቀለሙ ያስታውቃል። ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ባለው ነው የሞተው ብዬ እገምታለሁ።»

«ሌላስ?»

አዋላጇ አመነታች። «ደረቱ ላይ ምልክት አለ። በመዳፍ ደጋግመው ሲጫኑት የሚወጣ ዓይነት። ትንፋሹን ሊመልስለት የታገለ ሰው አለ። ግን ዘግይቶ ነው፤ ሞቶ ነበር።»

«ውሃ ከምንጭ ነው የምትቀጂው?»

«ሁላችንም ከምንጭ ነው፣ እትዬ።»

ኢንስፔክተሯ ጄሪካኑን አየች፣ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ጉልበቷን አሸት አሸት አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

ትምህርት ቤቱ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ የጋረደ አንድ ክፍል አለው። መብራት ቢጠፋም የጣሪያው ሶላር አንዲት ኮምፒውተርና አንዲት ፕሮጀክተር ይችላል። ኢንስፔክተሯ ስትገባ የከሰዓት ተማሪዎች ፊልም ያያሉ። ግድግዳው ላይ ልብ ይመታል፤ ደም በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ እያንዳንዷ ቧንቧ ጥርት ብላ ትታያለች። ከኋላ ቆማ እስከ መጨረሻው አየችው። ማብቂያው ላይ ፊልሙን ያዘጋጀው መሥሪያ ቤትና የወጣበት ቀን ተጻፈ፤ ያለፈው ሰኞ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ርዕሰ መምህሩ መጋረጃውን ገለጠ። አርባ ዓመት የሞላው፣ እጅጌው ላይ ጠመኔ የተለጠፈበት፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ዓይኑ ሥር ግን የሁለት ዓመት እንቅልፍ ማጣት ተቀምጧል።

«አምስት ሰዓት ላይ እዚሁ ነበርኩ ኢንስፔክተር፤ ይህንኑ ፊልም ለስምንተኛ ክፍል ሳሳይ። አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይፈጃል። አርባ አንድ ተማሪ ነው።»

«ጥሩ ፊልም ነው። ከየት አመጡት?»

«ከከተማ፣ በፍላሽ። በወሩ መጀመሪያ ስብሰባ ሄጄ ነበር።»

«ከዚያ ወዲህ አልወጡም?»

«መች ጊዜ አለኝ? በየቀኑ መዝገብ ላይ እፈርማለሁ፤ ሊያዩት ይችላሉ።»

በረንዳው ላይ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ አስቆመች። «ጋሼ ከእናንተ ጋር ነበር?»

«አዎ፣ ነበር።»

«አይተሽዋል?»

ልጅቷ ግራ ተጋባች። «ጨለማ ነበር። ግን ፊልሙ ሲያልቅ መጋረጃውን የከፈተው እሱ ነው።»

ማማው ሥር ተመልሳ ወደ ለኪው ዋና መሥሪያ ቤት ደወለች። ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር።

«ሪፖርቱ ደርሶናል» አለ የዚያኛው ወገን ጸሐፊ። «ከስልሳ አራቱ ፎቶግራፎች ጋር። በአምስት ሰዓት ከአርባ ስምንት ተጀምሮ በአምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት አልቋል። መንደሩ አልተዳረሰም ይላል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል።»

«ተሞልቶ ያለቀውስ መቼ ነው?»

«ቆይ ልየው… ሦስት ሰዓት ከአርባ። ከዚያ በኋላ አንድም ፊደል አልተነካም።»

ስልኩን ዘጋች። ሳጅኑ አጠገቧ ቆሞ ሰምቷል። «በአምስት ሰዓት ከአርባ ስምንት? ሰውየው እኮ ሞቶ ነበር!»

«እሱ ሞቶ ነበር። ሳጅን፣ ስልክህን አውጣ። ያን ዛፍ አንሣና ፎቶውን ለኔ ላክልኝ።»

ሳጅኑ ዛፉን አንሥቶ ላከ። ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትንሿ ክብ ስልኩ ላይ ስትሽከረከር፣ ስትሽከረከር ቆየች። አንዲት ፎቶ ለመድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባት።

«ተመስገን ነው፤ ዛሬ ጥሩ ነው» አለ ሳጅኑ።

በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ተማሪው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አራቱን በዚያው የፊልም ክፍል ሰበሰበቻቸው። የልጆች ወንበር ላይ ስለተቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሷል። ሊቀመንበሩ አዋጃቸውን ይዘዋል። ቴክኒሻኑ ወለል ወለሉን ያያል። የርዕሰ መምህሩ ልጅ አዋላጇ ጭን ላይ ተኝታለች፤ አባቷ ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ቆሟል። ሳጅኑ በሩን ዘግቶ ተደገፈው።

«ሪፖርቱ ደርሷል» አለች ኢንስፔክተሯ። ሽማግሌው አንገታቸውን ሰበሩ፤ እንባቸውን ለመደበቅ ነበር። «አይቸኩሉ አባቴ። መጀመሪያ ስለ ሟቹ እንነጋገር።

«አንድ ሰው አራት ሰዓት ገደማ፣ በትምህርት ቤቱ የረፍት ሰዓት መጥቶ ቱቦውን ወደ ቀዳዳው አዞረ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ቱቦውን ቦታው አደረገ፣ በሩን ከፈተ። የፈለገው ታብሌቱን ነው። የሚከፈተው በሟቹ አውራ ጣት ስለሆነ ከሬሳው ጋር ነበር ሥራው። ይህ ሁሉ የጨካኝ ሥራ ነው። ከዚያ ግን ያው ሰው ሸሚዙን ቀድዶ ደረቱን ይጫናል፣ ወደ በሩ ይጎትተዋል፣ ኮቱን አጣጥፎ ያንተርሰዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ገድሎ ሊያድን የታገለ ሰው፣ በመሃል አንድ ነገር አውቋል ማለት ነው። ምን አወቀ?»

ሊቀመንበሩ ዞረው ቴክኒሻኑን አዩት።

«ይህን እናቆየው። ሪፖርቱ በአምስት ሰዓት ከአርባ ስምንት ተላከ፤ ስልሳ አራት ፎቶ በአራት ደቂቃ። ማማው ሥር አንዷ ፎቶ ብቻዋን አሥራ አንድ ደቂቃ ትፈጃለች። አንተ ንገረኝ፣ ቴክኒሻን፤ በዚህ መንደር ይህ ይቻላል?»

«አይቻልም» አለ ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ። «በሕልምም አይቻል። ፈጣን መሥመር ያለው ሰው ካልሆነ…»

ያለውን ራሱ ሰማና አፉን በእጁ ያዘ። ሊቀመንበሩ አዋጁን ከነላስቲኩ ጨመቁት።

«‹ፈጣን ኢንተርኔት የለም› የሚለው ሪፖርት በፈጣን ኢንተርኔት ነው የተላከው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነበር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ደግሞ ዛሬ ጣሪያዋ ላይ ታንከር አስቀምጣ ከምንጭ ጄሪካን የምታዝል ሴት አይቻለሁ። ታንከሩ የሚያስገባም የሚያስወጣም ቧንቧ የለውም።»

አዋላጇ ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት። «ውስጡ ያለው የሳተላይት ኢንተርኔት ዲሽ ነው» አለች በቀስታ። «በክትባት ማቀዝቀዣው ሶላር ነው የሚሠራው። የሷ እናት በእጄ ላይ ከሞተች በኋላ ነው ያስገባሁት። ከዚያ ወዲህ ሰባት ሴት ደም ፈስሷት ሐኪም በምስል እያየኝ አትርፌያለሁ። አዋጁ ሲወጣ ላነሣው ነበር። በዚያው ሳምንት አንዷ ምጥ ላይ ነበረች። በሚቀጥለውም ሌላዋ። መቼ ላንሣው እትዬ? የትኛዋን ሴት ልዝለል?»

«አንቺ ክትባት ላይ ነበርሽ። ፓስወርዱን ለማን ሰጠሽ?»

 የአዋላጇ ዓይን ሳታዝዘው ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄደ።

«ብትመልሺም ባትመልሺም ለውጥ የለውም። ሰኞ የወጣ ፊልም፣ ከወሩ መጀመሪያ ወዲህ ከመንደሩ ባልወጣ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ያው ፊልም አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ክፍሉን ያጨልማል። መምህር፣ ለልጆቹ ልብ እንዴት እንደሚሠራ ከፍተውላቸው ወጡ፤ ታብሌቱን ታንከሩ ሥር ወስደው ሪፖርቱን ላኩ፣ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አድርገውም ፊልሙ ሳያልቅ ደረሱ።»

ርዕሰ መምህሩ እጅጌው ላይ ያለውን ጠመኔ ማራገፍ ጀመረ። አራገፈ፣ አራገፈ፤ አልለቀቀውም።

«ትናንት ታንከሩን በዘንጉ አንኳኳው» አለ በመጨረሻ። «ባዶ ድምፅ ሰጠ። ዞሮ አየኝና ጻፈ። ምን ጻፍክ አልኩት። ‹ለማንም አይነገርም› አለኝ። ለመንኩት። ስለ ሚስቴ ነገርኩት። ‹አዝናለሁ፣ ሕግ ነው› ብሎ ሄደ። ስድስት ዓመት ኢንስፔክተር! ስድስት ዓመት የጻፍኩትን አንድ መሥመር ሊያጠፋው ነው ብዬ… ያን መሥመር ብቻ ልለውጥ ነበር።»

«ግን ምንም አልለወጡም። ሪፖርቱ ከሦስት ሰዓት ከአርባ ወዲህ አልተነካም።»

ደብተሩን ከኪሷ አወጣችና አነበበች። «‹የጤና ጣቢያው የሠራተኛ ቤት፦ የውሃ ታንከር።› የሞተ ቁራ የማያልፈው ሰው ነው ይህን የጻፈው። ባዶ መሆኑን በዘንጉ ሰምቷል፤ ቧንቧ እንደሌለው አይቷል። አውቆ ነው የዋሸላችሁ። በሥራ ዘመኑ ምናልባት አንዴ ነው የዋሸው፤ ዋሽቻለሁ ብሎ ለመናገር ደግሞ አፉ አልለመደም። ለማንም አይነገርም አለ፤ ለማንም ሳይናገር ሞተ።»

ደብተሩን ዘጋችው።

«በሩን የከፈቱት ከአምስት ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ለስልሷል። «የላኩት ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ቆይተው ነው። አንብቦ ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በቀረው ምን ያደርጉ ነበር?»

«ልቀሰቅሰው ነበር» አለ ርዕሰ መምህሩ። ከዚያ ከሰሌዳው ሥር ቁጭ አለ። «ልብ እንዴት እንደሚሠራ አስተምራለሁ እኮ። ተጫንኩት። ተጫንኩት። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። አልሰማኝም።»

«ምን አደረግክ ወንድሜ?» አለች አዋላጇ። «ምነው ለኔ ብትነግረኝ? በዚያች ሰዓት ነቅዬ እጥለው ነበር እኮ!»

ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ፤ ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

ርዕሰ መምህሩ ቀና አለ። ዓይኑ ደርቋል። «ሁሉንም እፈርማለሁ። ገድዬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ታንከሩን አይጻፉት። ሪፖርቱ የእሱ ነው፤ እኔ አልነካሁትም። እሱ የሰጠንን አይውሰዱብን።»

ኢንስፔክተሯ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሠላሳ ዓመት ያየችውን ጽፋለች፤ ስለ አንቀጽ አሥራ አራት ደግሞ የጠየቃት የለም። ከመስኮቱ ማዶ ማማው ይታያል፣ ከሥሩም በሩ የተዘጋው ክፍል። እዚያ ውስጥ በሰው ስኒ የማይጠጣ አንድ ግትር ሰው፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ሲል እጁን አቆሽሾ ተኝቷል። ለዚያ ሰው አዘነች። ካገኘቻቸው ቀጣፊዎች ሁሉ አብልጣ አከበረችው።

«ፍርድ ቤት ቆመው ቃልዎን ቢቀይሩ» አለች ሳትዞር፣ «የሚቀረኝ ማስረጃ ታንከሩ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አወርደዋለሁ፤ መንደሩም አብሮት ይወርዳል።»

«አልቀይርም።»

«ሃያ ዓመት ረጅም ነው መምህር። እስር ቤት ሰው ሐሳቡን ይለውጣል።»

«ልጄ የምትወልደው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው» አለ።

ሳጅኑ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አላደረገውም።

ኢንስፔክተሯ የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። ስለ ቱቦው ጻፈች፣ ስለ ጥላሸቱ፣ ስለ ፊልሙና ስለ ጨለማው ክፍል፣ ስለ ተበጠሱት ቁልፎች። ሪፖርቱ ከወዴት እንደተላከ በሚለው ላይ እጇ ቆመ።  ከዚያ «ከማማው ሥር» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ለርዕሰ መምህሩ ዘረጋችለት። ፈረመ። ጣቱ ላይ ያለው ጠመኔ ወረቀቱ ላይ ነጭ አሻራ ትቶ ሄደ።

ልጅቷ ካቴናው ሲገጥም ነቃች። «አባ የት ሊሄድ ነው?» አለች። አዋላጇ አቀፈቻት። አባትየው ዞር ብሎ አላያትም፤ ቢያያት የሚሄድበት እግር አይኖረውም ነበር።

ኢንስፔክተሯ የሟቹን ስኒ በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠች፤ ሚስት ካለችው ለሚስቱ፣ ከሌለችውም ለማን እንደምትሰጠው አላወቀችም። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች።

«አንቺ ልጅ።»

«አቤት እትዬ።»

«ነገ ጠዋት ለዚያ ታንከር ቧንቧ አስገጥሚለት። የሚቀጥለው ለኪ እንደሱ ያለ ሰው ላይሆን ይችላል።»